የ65 ዶላር አደራ

«ርካሽ ኦማካሴ ኦማካሴ አይደለም» የሚል ፍርድ እዚህ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ምግብ እናውቃለን ከሚሉ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ፍርዱ አጭር ነው፤ ይግባኝም የለውም። በእነርሱ ሚዛን ኦማካሴ ማለት ለአንድ ሰው 400 እና 500 ዶላር፣ አንዳንዴም የዚያ እጥፍ ተከፍሎበት፣ በዝግታና በጸጥታ የሚበላ የሱሺ ራት ነው። 60 እና 70 ዶላር እያስከፈሉ፣ ስምንትና አሥር ወንበር ይዘው በየመንገዱ ጥግ የሚከፈቱት ትንንሽ ቤቶች ግን የታላላቆቹን ስም ሰርቀው የሚነግዱ ናቸው ይባላል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። የማልስማማበትንም ምክንያት እነሆ ለአንባቢያን ላቀርብ ወደድሁ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። የምግብ ተመራማሪ አይደለሁም። ቀን ቀን ከባንክ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ፣ ጉልበት ሲተርፈኝ፣ ስንኝ እቋጥራለሁ። ከሁለቱ ሥራዎች አንደኛው ደመወዝ ይከፍለኛል፤ ሁለተኛው እኔን ያስከፍለኛል። ስለዚህ የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን፣ ገንዘብ ሲቆጥርና ቃል ሲመዝን እንደሚውል ሰው ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ኦማካሴ» የሚለው «ማካሴሩ» ከተባለ የጃፓንኛ ግስ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ለሌላ ሰው መተው፣ በሌላ ሰው እጅ ማኖር ማለት ነው። ከፊት የገባችው «ኦ» የአክብሮት ናት። ሱሺ ቤት ገብቶ «ኦማካሴ» ያለ ደንበኛ «የሚበላውን አንተ ታውቃለህ፤ ምረጥልኝ» ማለቱ ነው። ሜኑ አይቀርብለትም። ባለሙያው ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ፣ በዕለቱ ካገኘው ዓሣ ደግ ደጉን እየመረጠ፣ አንድ በአንድ እየሠራ ያቀርብለታል። ደንበኛው ራሱ እየመረጠ የሚያዝበት ሌላ ልማድ አለ፤ «ኦኮኖሚ» ይሉታል። ዓይነቱም ዋጋውም አስቀድሞ የተቆረጠ ሦስተኛ ልማድም አለ፤ እርሱን «ኦኪማሪ» ይሉታል። ነቃፊዎቹ «ርካሾቹ ቤቶች የሚሸጡት ኦኪማሪ ነው» ሲሉ ከእውነት ብዙ የራቁ አይደሉም። «12 ቁራሽ፣ 65 ዶላር» ብሎ አስቀድሞ የለጠፈ ቤት ነጻነቱን በገዛ እጁ አጥብቧልና። ቢሆንም በዚያች ጠባብ ነጻነት ውስጥ ዛሬ የትኛው ዓሣ እንደሚቀርብ፣ በምን ቅደም ተከተልና በምን ማጣፈጫ እንደሚቀርብ የሚወስነው አሁንም ባለሙያው ነው። ተመጋቢው አሁንም አፉን የሚከፍተው ምን እንደሚመጣለት ሳያውቅ ነው።

ለዚህ ነገር አማርኛችን የሚስማማ ቃል ያለው ይመስለኛል፤ አደራ። አደራ ከውል ይለያል። ውል ያፈረሰ ሰው ይከሰሳል፤ አደራ ያጎደለ ሰው ግን ገና ሳይከሰስ ስሙ ይጠፋል፤ «አደራ በላ» ተብሎ ይቀራል። እኔ የምሠራበት ሙያም ቢሆን ከግንቡና ከካዝናው በፊት አደራ ነው። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ ለማያውቀው ሰው በመስኮት አስረክቦ፣ አንዲት ወረቀት ተቀብሎ የሚሄደው በምን ተማምኖ ነው? አደራው ይጠበቃል ብሎ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ ኦማካሴ ቤት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ያስከፍላል?» መሆን የለበትም፤ «የተቀበለውን አደራ ጠብቋል ወይ?» ነው መሆን ያለበት። በዚህ ጽሑፍ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

እንዲህ ወዳለው ቤት በቅርቡ የሄድሁት ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ነው፤ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሌሊት ነድቶ ቀን ይተኛል። የቤቱን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ አንድ ቤት ሳይሆን ስለ ወገኑ ነውና። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ላለመቀስቀስ ቀኑን ሐሙስ አደረግነው። ቤቱ በማንሃተን ደቡብ በኩል፣ በልብስ ማጠቢያና በስልክ መጠገኛ ሱቅ መካከል የተሸጎጠ፣ ወርዱ ከአውቶቡስ ብዙም የማይሰፋ ክፍል ነው። 10 ወንበሮች፣ አንድ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ሁለት ባለሙያዎች አሉት። ዋጋው አስቀድሞ በኢንተርኔት ተከፍሏል፤ የተፈቀደልን ጊዜ 60 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች 10 ሰዎች ይገባሉ።

«ለጥሬ ዓሣ 65 ብር!» አለ ወዳጄ፤ ዶላርን ብር ማለት እስከ ዛሬ አልተወም።

«አንተ ሰው፣ ጥሬ ሥጋ እየበላህ አይደለም እንዴ ያደግኸው?» አልሁት።

«እሱ ሌላ ነው። ሥጋውን የቆረጠውን ሰው አውቀዋለሁ» አለኝ።

መልሱ ቀልድ ይመስላል እንጂ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ሰው ጥሬ ነገር የሚበላው ቆራጩን ሲያምን ነው። ልኳንዳ ቤት ገብቶ ቁርጥ ያዘዘ ሰው ሚዛኑን ብቻ አይመለከትም፤ የባለ ልኳንዳውን ፊት፣ የቢላዋውን ንጽሕና፣ የሥጋውን ቀለም ያያል። እሳት ብዙ ጥፋት ይሸፍናል፤ ጥሬ ነገር ግን የሚሸሸግበት የለውም። ወዳጄ ያልተቀበለው ዓሣውን አልነበረም፤ ያላወቀውን እጅ ነበር።

ያ እጅ ግን ከባንኮኒው ማዶ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ባለሙያው ከኢንዶኔዥያ የመጣ ጎልማሳ ነው። ከለብታ ያላለፈውን፣ በኮምጣጤና በጨው የታሸውን ሩዝ በቀኝ እጁ ቆንጥሮ ያነሣል፤ በግራ እጁ ጣቶች ላይ ዓሣውን ያጋድማል፤ ጥቂት ዋሳቢ ይቀባል፤ ሁለቱን አገናኝቶ ሦስት ጊዜ ያህል ይጫናል፤ አለቀ። «ኒጊሪ» ማለት የተጨበጠ ማለት ነው፤ እኛም ከመጨበጥ የመጣ «ጭብጦ» የሚል የዳቦ ስም አለን። አጨባበጡ ከጠበቀ ሩዙ አፍ ውስጥ እንደ ሊጥ ይከብዳል፤ ከላላ ገና ሳይጎርሱት ይበተናል። ሙያው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ዓሣው ርካሽ ሆነ ውድ ይህን አይለውጠውም።

ቅደም ተከተሉም የራሱ አመክንዮ ነበረው። በቀላሉ ነጭ ዓሣ፣ በሎሚና በጨው ብቻ ተጀመረ። ቀጥሎ ለስላሳው ስካሎፕ፣ ከዚያ ሃማቺ የሚሉት ቅባት የጀመረው ዓሣ፣ ከዚያ ገጹ በእሳት ለብለብ የተደረገ ሳልሞን መጣ። ማኬሬሉ በጨውና በኮምጣጤ የታሸ ነበር፤ ይህ ዓሣ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን የተፈለሰፈው መላ ዛሬ ጣዕሙ ሆኖ ቀርቷል። ቀዩ የቱና ሥጋ በሶያ ሶስ ተነክሮ ቀረበ። በመጨረሻ ጣፋጭ ስልስ የተቀባ እባብ መሳይ ዓሣና እንደ ኬክ የሳሳ ጣፋጭ እንቁላል መጡ። ባለሙያው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ የዓሣውን ስም፣ የመጣበትን አገር፣ «ሶያ ሶስ አትጨምሩበት፤ ቀብቼዋለሁ» ይላል። ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ካልተጠየቀ አያስቸግርም። አንድ ነቃፊ «ጃፓን ያላደገ ሰው ሱሺ ምን ያውቃል?» ብሎኝ ያውቃል። እጅ ግን ፓስፖርት የለውም፤ ሥራውን ካወቀው አወቀው ነው።

ከ12ቱ በኋላ አንድ ነገር ቀረ። ባለሙያው በተጠበሰ የባሕር አረም ቅጠል ሩዝና የተከተፈ ቱና ጠቀለለና በሳህን ሳያስቀምጥ፣ ከባንኮኒው በላይ እጁን ዘርግቶ ለወዳጄ ሰጠው። ቅጠሉ ከመለስለሱ በፊት ቶሎ መበላት ስላለበት ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል። ወዳጄ ተቀብሎ ጎረሰና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ! ይህ እኮ ጉርሻ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ሳሰላስለው ሰንብቻለሁ። ጉርሻ በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በእጅ ጠቅልሎ ለሌላው የሚያጎርሱት ነው፤ ተጎራሹ ምን እንደተጠቀለለ አይጠይቅም፤ ያጎራሹን ፊት አይቶ አፉን ይከፍታል። ሁለተኛው ለአገልጋይ ከሂሳቡ በላይ የሚሰጡት ገንዘብ ነው። በዚያች ጠባብ ቤት ሁለቱ ጉርሻዎች ተገናኙ፤ አንዱ ከባንኮኒው ወዲያ ወደዚህ፣ ሌላው ከወዲህ ወደዚያ። ልዩነቱን ግን መዘንጋት አይገባም። የእናት ጉርሻ አይሸጥም፤ የባለሙያው ጉርሻ ይሸጣል። ቢሸጥም ንጹሕ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ ወይ? የክርክሩ ልብ ይህ ነው።

ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ ነቃፊዎቹ በታሪክ ነው የሚመኩትና። ኒጊሪ ሱሺ ሲወለድ የጌቶች ምግብ አልነበረም። የዛሬዋ ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1820ዎቹ ገደማ፣ ሃናያ ዮሄይ የተባለ ሰው ለኒጊሪ መልክ እንደሰጠው ይነገራል። የጥንቱ ሱሺ ዓሣና ሩዝ አብረው ለወራት እየፈሉ የሚቆዩበት ነበር። በኤዶ ግን ሱሺ የመንገድ ዳስ ምግብ ሆነ፤ መጠኑ ከዛሬው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን፣ ቆመው በእጅ የሚጎርሱት፣ ሥራ ያስቸኮለው ሰው በልቶት የሚያልፍ ነበር። ዛሬ ወርቅ የሚያወጣው ቅባታማው የቱና ሆድ በዚያ ዘመን ይጣል ነበር፤ ድመት እንኳ ተሻግሮት የሚሄድ ነው ተብሎ ይቀለድበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮና አካባቢዋ በታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲወድሙ ባለሙያዎቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ የኤዶ ሱሺም አብሯቸው ተሰራጨ።

ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነው ነው። ምግብ በራሽን በሚታደልበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ምግብ ቤቶች እንዳይሠሩ ሲታገዱ፣ ባለ ሱሺዎቹ አንድ ቀዳዳ አገኙ። ደንበኛው ከራሽኑ 1 ጎ፣ 150 ግራም ገደማ ሩዝ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው የእጁን ዋጋ ብቻ ተቀብሎ 10 ቁራሽ ሱሺ አድርጎ ይመልስለታል። በረሃብ ዘመን የልጆቹን ሩዝ ለሌላ ሰው እጅ አስረክቦ መጠበቅ፣ ከዚህ የበለጠ አደራ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ዮሺያኪ ሺራይሺ የተባለ ሰው በኦሳካ አካባቢ ሳህኖች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ የሚዞሩበትን ሱሺ ቤት ከፈተ፤ ሱሺም በርካሽ ዋጋ ለሠራተኛው ሕዝብ ተመለሰ። ሙሉ ራትን ለባለሙያው ትቶ ውድ ዋጋ መክፈል የተስፋፋው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ትውልድ ከተቆጠረ፣ ርካሹ ሱሺ ቤት የበኩር ልጅ ነው፤ ውዱ ታናሽ ወንድም ነው።

«60 ደቂቃ ውርደት ነው» የሚለውም ክስ አይጸናም። ስለ ጂሮ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ2011 በተሠራው ፊልም ዓለም ያወቀው፣ በጊንዛ የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ የነበረው ባለ 10 ወንበር ቤት፣ 20 ያህል ቁራሽ በግማሽ ሰዓት ገደማ በማቅረብ የታወቀ ነበር፤ ዋጋው ግን ከ30,000 የን አያንስም ነበር። ኒጊሪ እንደ ቡና ነው፤ ሲቆይ ይሞታል። ሩዙ ለብ እንዳለ፣ ቅጠሉ እንደተንኮሻኮሸ መበላት አለበት። ፍጥነት የድሃ ምልክት አይደለም።

አሁን ሂሳቡን እናውጣ፤ ይህ የኔ ሙያ ነው። 65 ዶላር ላይ የከተማው የሽያጭ ግብር 8.875 በመቶ ሲታሰብ 5 ዶላር ከ77 ሳንቲም ነው፤ 20 በመቶ ጉርሻ 13 ዶላር ነው፤ ድምሩ 83 ዶላር ከ77 ሳንቲም ይሆናል። ውዱ ቤት ከዚህ አምስትና ስድስት እጥፍ ሲያስከፍል፣ ይህኛው በምን ይኖራል? መልሱ አስማት አይደለም። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ አስተናጋጅ የለውም ማለት ይቻላል። ደንበኛው አስቀድሞ ስለሚከፍል ስንት ሰው እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚበላ የሚጣል ዓሣ ጥቂት ነው። አንዱ ወንበር በአንድ ምሽት ሦስትና አራት ጊዜ ይሸጣል። ዓሣው ከሩቅ በአውሮፕላን ከመጣው ብርቅዬ ይልቅ የታወቀውና የተረባው ነው። ሳልሞን ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ ጃፓኖች በጥገኛ ትል ፍራቻ ሳልሞንን በጥሬው አይበሉም ነበር፤ በ1980ዎቹ የኖርዌይ ዓሣ አርቢዎች ገበያ ፍለጋ ሄደው ነው ያስለመዱዋቸው። ዛሬ እርሱ የሌለበት ርካሽ ሱሺ ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

በረዶ የገባ ዓሣ ሁሉ ማታለያ የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ መሠረት፣ ከቱናና ከአንዳንድ የተረቡ ዓሦች በቀር በጥሬው የሚበላ ዓሣ ጥገኛ ትሉ እንዲሞት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን፣ ወይም እስኪደርቅ ከቀዘቀዘ በኋላ በ35 ዲግሪ ለ15 ሰዓት መቆየት አለበት። ቱናውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ገና መርከቡ ላይ ሳለ በ60 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይደርቃል። እነዚህ ሁሉ ቁጠባዎች የቀኑ ብርሃን የሚያያቸው ቁጠባዎች ናቸው። ባለቤቱ ገንዘብ ያተረፈው ከአዳራሹ ስፋትና ከብክነት ቀንሶ ነው፤ ከአደራው አልቀነሰም።

ይሁን እንጂ ከአደራው የሚቀንሱም አሉ፤ እነርሱን ለመከላከል ብዕር አላነሣሁም። የመጀመሪያው የስም ማጭበርበር ነው። እውነተኛው ዋሳቢ በጃፓን ተራሮች ወራጅ ውኃ የሚበቅል ውድ ሥር ነው፤ በብዙ ርካሽ ቤት የሚቀርበው አረንጓዴ ነገር ግን የፈረስ ራዲሽ የሚባል ሌላ ሥር፣ ሰናፍጭና ቀለም ተቀላቅሎበት ነው። ይህን ማቅረብ ነውር የለውም፤ «ዋሳቢ ነው» ብሎ መማል ግን ነውር ነው። አንዱን ዓሣ በሌላው ስም መጥራትም እንዲሁ። ደንበኛው ሜኑ አላየም፤ የሚያምነው የባለሙያውን ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከተበረዘ ምን ቀረው?

ሁለተኛው የበለጠ የሚያሳዝነኝ ነው። 12ቱ ቁራሾች ካለቁ በኋላ፣ ሰዓቱ ሊሞላ 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ ባለሙያው ድምፁ ይለወጣል። «የምትጨምሩት ይኖራል?» ብሎ ይዘረዝራል፤ ቅባታማው ቱና 12 ዶላር፣ የባሕር ጃርት እንቁላል 14 ዶላር፣ በላዩ የጃፓን በሬ ሥጋ የተደረገበት 15 ዶላር። ጎረቤት ሁሉ እጁን ሲያነሣ ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል አይደለም፤ ከፍቅረኛው ጋር ለመጣ ወጣት ደግሞ ፈተና ነው። «ምረጥልኝ» ብዬ የተውሁለት ሰው ደግ ደጉን ደብቆ ቆይቶ በመጨረሻ ለሽያጭ ሲያወጣው፣ አደራው እዚያው ላይ ተሸረፈ። ይህን የምናገረው ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከጀርባው የሚያዘው እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ገንዘብ ሊያስቀምጥ የመጣን ሰው «ክሬዲት ካርድ አትፈልጉም ወይ?» ብለን እንድንጠይቅ በምንታዘዝበት ሙያ ውስጥ ነው ያለሁት። ጥያቄውን ስጠይቅ የሰውዬው ዓይን እንዴት እንደሚለወጥ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በፊት እንደ ሰው ያየኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሻጭ ያየኛል። ስለዚህ አስተያየቴ አጭር ነው፤ ዋጋውን 75 ዶላር አድርጉት፤ የመጨረሻውን ዝርዝር ተዉት። 10 ዶላር ተጨማሪ አያስቀይምም፤ መታለል ግን ያስቀይማል።

ሦስተኛው የሠራተኛው ነገር ነው። ርካሽ ዋጋ ከሠራተኛ ደመወዝ ተቀንሶ ከመጣ ርካሽ አይደለም፤ ሌላ ሰው ከፍሎታል ማለት ነው። ያቺ 13 ዶላር ጉርሻ እንደ ምጽዋት የምትታይ ሳትሆን የባለሙያውና ከበስተኋላ ሩዙን የሚያጥበው ሰው እንጀራ ናት። እርሷን ለመክፈል የማይችል ሰው ራቱን ለመብላት አልቻለም ብዬ አምናለሁ።

ባሕሩም አንድ ቃል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 በቶኪዮ የቶዮሱ ገበያ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቱና በ333.6 ሚሊዮን የን ተሽጧል፤ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። በዚያው አሥርት ዓመት የሳይንስ ግምገማዎች የፓስፊክ ሰማያዊ ክንፍ ቱና ካልተጠመደበት ዘመን ብዛቱ 3 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አስታውቀው ነበር። ኮታ ወጥቶ ከተጠበቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ግምገማ ከ20 በመቶ በላይ መመለሱን አሳየ። ማኬሬልና የተረባ ዓሣ የሚያቀርብ ትንሽ ቤት በዚህ ረገድ ከውዱ ቤት ይልቅ ለባሕር የሚራራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች ልመለስ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ወገን ገና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በልቡ የያዘው ጥያቄ አለ፤ «በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራ ነበር!» ጥያቄው የተቀደሰ ነው፤ አላቃልለውም። በመስኮቴ በኩል በየወሩ ደመወዛቸውን አውጥተው ለእናት፣ ለታናሽ ወንድም፣ ለጎረቤት ሕክምና የሚልኩ ሰዎች ያልፋሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ግን ሌላም ነገር አያለሁ። 20 ዓመት ልኮ ልኮ፣ በሚኖርባት ከተማ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሌላ ሰው ያላስተናገደው ወገን አለ። ከተማዋን ያውቃታል፤ መንገዷን ነድቷል፤ ፎቋን ጠርጓል፤ ገንዘቧን ቆጥሯል፤ በማዕዷ ግን አልተቀመጠም። ወዳጄ በ10 ዓመት የታክሲ ሥራው ስንት ሺህ ሰው ከእነዚያ ቤቶች በር ላይ እንዳወረደ አይቆጥረውም። ለ400 ዶላር ራት እኔም ለዚያ የተቀደሰ ጥያቄ መልስ አይኖረኝም። በዓመት አንዴ ለምትበላ የ65 ዶላር ራት ግን መልስ አለኝ፤ መስጠት ብቻ እንጂ መቀበል የማያውቅ ሰው ውሎ አድሮ መስጠቱም ይመረዋል። ርካሹ ኦማካሴ ቤት ያደረገው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ «ምረጥልኝ» ማለትን፣ ማለትም አንድ ሰዓት ያህል ታምኖ መቀመጥን፣ ከባለጸጎች እጅ አውጥቶ ታክሲ ነጂና ገንዘብ ቆጣሪ በሚደርሱበት ቦታ አኖረው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ርካሽ ኦማካሴ ኦማካሴ ነው፤ አደራውን እስከ ጠበቀ ድረስ። ውድ ኦማካሴም ኦማካሴ የሚሆነው በዚያው ሁኔታ ብቻ ነው። የሚሄድ ሰው ቢኖር ሰዓቱን ያክብር፤ ሽቶ ተቀብቶ አይሂድ፤ የቀረበለትን ወዲያው ይጉረስ፤ ባለሙያውን ስለ ዓሣው ይጠይቀው፤ ጉርሻውንም በጉርሻ ይመልስ። የመጨረሻው ዝርዝር ሲመጣ «በቃኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይችላል፤ ይህን ለማለት ማፈር አይገባም።

ስንኝ ቋጣሪ ነኝ ብያለሁና፣ በስንኝ ልሰናበት።

ቢላዋው ካንተ ዘንድ፣ ረሃቡ ከኔ ዘንድ፤
በመሐል ጣውላ አለ፣ እንደ ድልድይ መንገድ።
ምን እንደምታጎርሰኝ፣ ሳልጠይቅህ መጣሁ፤
ቆጥሬ ያኖርሁትን፣ ከኪሴ አወጣሁ።
ውድ ነው ርካሽ ነው፣ ይበል የሚል ካለ፤
እኔ የምጠይቅህ፣ አንድ ነገር አለ፤
የሰጠሁህን አደራ፣ ሳትሸርፍ መልሰው፤
በሆዱ ብቻ አይደል፣ የሚጠግበው ሰው።